ባስ በጁን የት ይውላል?

ከመካከላችሁ ሐዋሳ ዳር ያደጋችሁ፣ ዝዋይ ላይ መረብ የጣላችሁ፣ አምባዛን ከነጭቃው የምታውቁ እንዳላችሁ አላጣሁትም። እናንተ ፊት ቆሞ ስለ ዓሣ ማውራት ድፍረት ስለሆነ ወሬዬን አጠብባለሁ። ዓሣው አንድ ነው፤ አሜሪካኖች ላርጅማውዝ ባስ የሚሉት፣ አፉን ሲከፍት ቡጢ የሚያስገባው። ወቅቱ አንድ ነው፤ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን መጨረሻ፣ ሰመር የሚገባበት። ሐይቁም አንድ ነው፤ ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ የምንደርስበት የቨርጂኒያው ሌክ አና።

በየዓመቱ በዚህ ወቅት የምሰማው አቤቱታ አይለወጥም። «በኤፕሪል ዳር ዳሩን እየዞርን የምናወጣው ዓሣ የት ገባ?» ይላሉ። አንዱ ሙቀቱ ነው ይላል፣ ሌላው ጀልባ በዛ ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሱቅ ሄዶ ሌላ ቀለም ያለው ማጥመጃ ገዝቶ ይመለሳል። እኔ ለሦስቱም የምሰጠው መልስ ከታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 1932 ጆርጂያ ውስጥ ሞንትጎመሪ ሌክ በሚባል የወንዝ ቅሬት ውሃ ጆርጅ ፔሪ የተባለ ወጣት 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ የሚመዝን ባስ አወጣ። ወደ 10 ኪሎ ግራም መሆኑ ነው። ዘመኑ የችግር ዘመን ነበርና ዓሣው ተመዝኖ ከተመዘገበ በኋላ ለቤተሰቡ ምግብ እንደሆነ ይነገራል። ያንን ክብደት ለ77 ዓመታት የደረሰበት አልነበረም። የደረሰበት ጃፓናዊው ማናቡ ኩሪታ ነው፤ ቦታው ቢዋ ሐይቅ፣ ቀኑ ጁላይ 2 ቀን 2009። የሱ ዓሣ በጥቂቱ ቢበልጥም ደንቡ ክብረ ወሰን ለመስበር ከሚጠይቀው ልዩነት ስላነሰ ሁለቱ እኩል ተብለው ተመዘገቡ። ልብ በሉልኝ፤ በዓለም ከተመዘገቡት ሁሉ የሚበልጡት ሁለት ባሶች የተያዙት «ዓሣው ጠፋ» በምንልበት ወቅት አካባቢ ነው። ኩሪታ የተጠቀመው ማጥመጃ ምን እንደነበረ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ ለዛሬው ጉዳያችን ቁልፍ ነውና።

ስለዚህ ዓሣው አልጠፋም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ በኤፕሪል የሐይቁ ባስ በሙሉ አንድ ሐሳብ ነበረው፤ ወደ ዳር ወጥቶ መራባት። ሁሉም አንድ ሥራ ላይ ስለነበረ አንድ ዘዴ ይበቃን ነበር። በጁን ግን ያ ሥራ አልቆ እያንዳንዱ ወደየራሱ ኑሮ ተበትኗል። አንዱ ልጅ ይጠብቃል፣ አንዷ ታርፋለች፣ አንዱ አድፍጦ ይበላል፣ አንዱ ጥልቁን ይዟል። እኛ ግን በአንድ ማጥመጃ ሁሉንም ልናገኝ እንሞክራለን። ዛሬ ልላችሁ የመጣሁት ነገር ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ዓሣው ምን እየሠራ እንደዋለ ጠይቁ፣ ማጥመጃው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስለ ሐይቁ ጥቂት ልበል። ሌክ አና የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። የቨርጂኒያ የኤሌክትሪክ ኩባንያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫውን የሚያቀዘቅዝበት ውሃ ሲፈልግ እ.ኤ.አ. በ1968 በሦስት ካውንቲዎች ውስጥ የእርሻ መሬት ገዛ፤ ከዚያም የኖርዝ አናን ወንዝ ገደበ። ሐይቁ ለመሞላት ሦስት ዓመት ይፈጃል ተብሎ ነበር። አግነስ የተባለችው አውሎ ነፋስ በ1972 ያወረደችው ዝናብ ግን ነገሩን አፋጥኖ በአንድ ዓመት ተኩል ሞላ። ስፋቱ ዛሬ 13,000 ኤከር ያህል ነው። 9,600 ያህሉ ለሕዝብ ክፍት ነው። 3,400 ያህሉ ግን በክትር ተለይቶ ከማመንጫው የሚወጣው ሙቅ ውሃ እየዞረ የሚበርድበት ክፍል ነው፤ እዚያ ጀልባ የሚያወርዱት በዳሩ ርስት ያላቸው ናቸው። ውሃው በሦስት ገንዳዎች ዞሮ ከበረደ በኋላ በሦስተኛው ክትር በኩል ወደ ዋናው ሐይቅ ይመለሳል።

ይህ ለአጥማጅ ምን ይነግረዋል? አንደኛ፣ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሙቀት የለውም። በታችኛው ጫፍ፣ በክትሩ በኩል ያለው ውሃ በቀዝቃዛው ወራትም ሞቅ ስለሚል እዚያ ያሉት ዓሦች ቀድመው ይራባሉ፤ ከላይ በወንዞቹ በኩል ያለው የደፈረሰና ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ ሌላ የራሱ ቀጠሮ አለው። በአንድ ቅዳሜ፣ በአንድ ሐይቅ ላይ፣ የአንዱ ጫፍ ባስ ሰመር ገብቶለት የሌላው ገና ልጅ ሲያሳድግ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጣል። ሐይቁ ከመሞላቱ በፊት ከሥሩ የነበረው ዛፍ ተመንጥሮ ነበር። በሌሎች ሰው ሠራሽ ሐይቆች ባስ የሚሸሸግበት የሰጠመ ደን እዚህ የለም። ስለዚህ መጠለያ ሲፈልግ የቀረው የዳሩ ሣር፣ የድልድዮች ምሰሶ፣ ድንጋይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጀልባ ማቆሚያው ዶክ ነው። ወደ ዶኮቹ እንመለሳለን።

  

አሁን ወደ ውሃው ውስጥ እንግባ። ባስ ዕንቁላል መጣል የሚጀምረው ውሃው ወደ 60 ፋራናይት ሲሻገር ነው፤ በሴልሺየስ 16 ያህል። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ጠጠር ወይም ጠንካራ መሬት ባለበት፣ ደለሉን በጭራው እየጠረገ ክብ ጎጆ ያዘጋጃል። ሴቷ መጥታ ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ ከዚያ ትሄዳለች። የቀረው ሥራ በሙሉ የአባት ነው። አገር ቤት ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ተቃራኒው ነው፤ ጎጆውን ወንዱ ይቆፍራል፣ ዕንቁላሉን ግን እናት በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች። የባስ እናት ይህን ሁሉ አታውቅም። ወንዱ ብቻውን በጎጆው ላይ እየዞረ፣ በክንፉ ውሃ እያራገበ፣ የመጣውን ሁሉ እያባረረ ይቆያል። ዕንቁላሉ በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ወደ አንድ ኢንች እስኪጠጉም አባት አብሯቸው ይንቀሳቀሳል።

በጁን መጀመሪያ በዶክ ጥላ ወይም በሣር ጫፍ ላይ ጥቁር ጭስ የመሰለ ነገር በውሃ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ካያችሁ፣ ያ የባስ ጫጩት መንጋ ነው። ከሥሩ ወይም ከጎኑ አባትየው አለ። በላዩ ላይ የሚንጫጫ ማጥመጃ ብትጥሉ ይመታላችኋል፤ ርቦት ሳይሆን ተቆጥቶ። ብዙ ሰው ይህን ዓሣ በቀላሉ ያገኘዋል፣ እኔም አትያዙት ብዬ ሕግ አላወጣም። የኔ ሐሳብ ግን ይህ ነው፤ ከያዛችሁት እዚያው ቦታ ወዲያው ልቀቁት። ጀልባ ላይ ባለው የዓሣ ማቆያ የውሃ ሳጥን ውስጥ ጨምሮ ሐይቁን ማዞር ግን፣ ቢለቀቅም እንኳ፣ ቤቱን ማፍረስ ነው። አባትየው በሌለበት ብሉጊል የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች መንጋውን ይወሩታልና።

ሴቷስ? ብዙውን ጊዜ ትልቁ ዓሣ እሷ ናት፣ ሰው ሁሉ የሚፈልገውም እሷን ነው። ከመራባት ስትመለስ ደክማለች። ወሽመጡን ለቃ ወደ መውጫው ትሄድና ውሃው ድንገት የሚጠልቅበት የመጀመሪያው ቦታ ላይ፣ ወይም በመጨረሻዎቹ ዶኮች ውጫዊ ምሰሶ አጠገብ ታርፋለች። ከታች መሬት ላይ አትተኛም፤ ከላይም አትወጣም፤ በመካከል ተንሳፋ ትቆያለች። ለዚህ ነው በዚህ ወቅት መሬት ለመሬት የምንጎትተው ከሥሯ የሚያልፈው፣ በፍጥነት የምናሳልፈውንም ላሳድደው የማትለው። የሚያስፈልጋት ፊቷ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ዘዴ በዝርዝር ላሳያችሁ፤ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን እንድትይዙ እፈልጋለሁና። አምስት ኢንች የሚሆን ወፍራም የፕላስቲክ ትል ውሰዱ፤ ሴንኮ በሚል ስም የሚሸጠው ዓይነት። መንጠቆውን በራሱ በኩል ሳይሆን በወገቡ አሳልፉት፤ ሁለቱ ጫፎች በግራና በቀኝ ይንጠለጠሉ። ክብደት አታስሩበት። ትሉ ከጨው ጋር ተቀላቅሎ የተሠራ ስለሆነ በራሱ ይሰጥማል። ከስምንት እስከ አሥር ፓውንድ የሚችል ክር ይበቃል። ከዶኩ ምሰሶ አጠገብ ጣሉትና ክሩን ልቅ አድርጉት። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ትሉ እየወረደ ሳለ ሁለት ጫፎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ የናንተ እርዳታ አያስፈልገውም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ዝም ብሎ መቆየት ሥራ ፈትነት ስለሚመስለው ዘንጉን ይነቀንቃል።

ዓይናችሁ ክሩ ላይ ይሁን። ስምንት ጫማ ጥልቀት ባለው ቦታ ትሉ ታች እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜ ቁጠሩ። በሚቀጥለው ውርወራ ከዚያ ቁጥር በፊት ክሩ መውረዱን ካቆመ፣ አንድ ነገር ይዞታል። ክሩ ወደ ጎን መሄድ ከጀመረም ይዞታል። አንዳንዴ ክሩ ውሃውን በሚነካበት ቦታ ትንሽ ዝልል ሲል ታያላችሁ፤ ያም እሱ ነው። ባስ አይነክስም፤ አፉን በድንገት ከፍቶ ከነውሃው ይስባል፣ ያልጣመውን ደግሞ በዚያው ፍጥነት ይተፋዋል። በእጃችሁ እስኪሰማችሁ ከጠበቃችሁ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይታችኋል። ልቅ የሆነውን ክር ጠቅልሉ፣ ክብደቱ ሲሰማችሁ ዘንጉን ረጋ ብላችሁ፣ ግን አጥብቃችሁ አንሡ።

ከዶክ ሳንወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ባስ የዓይን ሽፋን ስለሌለው ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ ስለዚህ ጥላ ይፈልጋል የሚል ወሬ አለ። ሽፋን እንደሌለው እውነት ነው። ጥላ የሚፈልግበት ዋናው ምክንያት ግን የአደን ነው፤ ጨለማ ውስጥ የቆመ ብርሃን ውስጥ ያለውን ጥርት አድርጎ ያያል፣ እሱ ግን አይታይም። ስለዚህ ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ በኛ አቆጣጠር፣ ዓሣው የጥላውን ልክ ይዞ ይቆማል። ማጥመጃችሁ ከጥላው ሁለት ጫማ ውጭ ቢወድቅ ያልጣላችሁት ያህል ነው። የዶክ አጥማጅ ጥበብ ማጥመጃውን ውሃው ላይ አንሸራቶ ከጣውላው ሥር እስከ ውስጠኛው ጨለማ ማስገባት ነው፤ ይህ ልምምድ ይጠይቃል፣ ግቢያችሁ ሣር ላይም መለማመድ ትችላላችሁ።

ዶክ ሁሉ ደግሞ እኩል አይደለም። ሌክ አና ዳሩ 200 ማይል ያህል ነው፣ ዶኩም ተቆጥሮ አያልቅም። በየአንዱ መቆም ቀን ማባከን ነው። እኔ የምመርጠው ጫፉ ጥልቅ ውሃ የሚነካውን፣ ምሰሶው ያረጀና አረንጓዴ የያዘውን፣ ከወሽመጡ መውጫ የመጨረሻውን ወይም ከሌሎች ተነጥሎ ብቻውን የቆመውን ነው። ባለቤቱ የዘንግ ማቆሚያ ተክሎበት ካያችሁ ደግሞ ሰውየው ራሱ አጥማጅ ነው፤ ከሥሩ ቅርንጫፍ አስሮ አስጥሞ ይሆናል። ሰው ዶኩ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ግን ሰላምታ ሰጥቶ ማለፍ ነው። ውሃው የሕዝብ ቢሆንም ጣውላው የሱ ነው፤ መንጠቆ የልጁ መዋኛ ጎማ ላይ የሰካ ሰው በዚያ ወሽመጥ ሁለተኛ መልካም ፊት አያይም።

አሁን ወደ ምግቡ። የጁን ባስ ሁለት ገበታ አለው። የመጀመሪያው ሻድ የሚባለው ብርማ ዓሣ ነው። ሻድ ዕንቁላሉን የሚጥለው በሜይና በጁን መጀመሪያ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ከዳሩ ሣርና ከተደረደረ ድንጋይ ጋር እየተሻሸ ነው። ያን ጊዜ ባስ ይመጣበታል። ውሃው ዳር ዳሩን ሲንቦጫረቅ ትሰማላችሁ። በላይ በላዩ የሚሄድ ማጥመጃ፣ ወይም ነጭ ስፒነርቤይት፣ ማለትም የሚሽከረከር ብልጭልጭ ብረት ያለው ማጥመጃ፣ ከሣሩ ጋር ጎን ለጎን ማሳለፍ ነው። ግን ጊዜው አጭር ነው፤ ፀሐይ ውሃውን ስትነካ ያበቃል። ቁርስ በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ሦስት ሰዓት ላይ የሚደርስ ሰው ይህን አያየውም። ባል ወይም ሚስት ይቆጡ ይሆናል እንጂ ከቤት መውጫው በኛ አቆጣጠር ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ገበታ ብሉጊል ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ። ብሉጊልና ባስ በሥነ ሕይወት አንድ ቤተሰብ ናቸው። ዝምድናው ግን ሰላም አላመጣም። በኤፕሪልና በሜይ ብሉጊል የባስን ጎጆ እየከበበ ዕንቁላሉንና ጫጩቱን ይበላል። በሜይ መጨረሻና በጁን ውሃው ከ70 ፋራናይት ሲያልፍ የመራባት ተራው የብሉጊል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ባስ ሒሳቡን ይቀበላል። ብሉጊል ብቻውን አይራባም። በደርዘን የሚቆጠሩ ወንዶች ጎን ለጎን ክብ ክብ ጎጆ እየቆፈሩ፣ ከላይ ሲያዩት የማር እንጀራ የመሰለ ሠፈር ይሠራሉ። ቦታው ብዙ ጊዜ ከጉልበት እስከ ደረት በሚደርስ ውሃ፣ አሸዋ ወይም ጠጠር ባለበት የወሽመጥ ማዕዘን ነው። ነጸብራቅ የሚያጠፋ የፀሐይ መነጽር ካላችሁ ከጀልባም ከዳርም ይታያችኋል።

ባሱ ግን ጎጆዎቹ መሐል አይቆምም። ከሠፈሩ ወጣ ብሎ፣ ውሃው መጥለቅ በሚጀምርበት ጫፍ ላይ፣ አንድ ምሰሶ ወይም ሣር ተጠግቶ ያደፍጣል። ራሱን ረስቶ ከጎጆው የወጣውን ብሉጊል ይጠብቃል። ስለዚህ ማጥመጃውን መሐል ላይ ሳይሆን በሠፈሩ ጫፍ በኩል አሳልፉት። ጠፍጠፍ ያለ፣ ጀርባው ወይራ አረንጓዴ፣ ሆዱ ብርቱካናማ የሆነ ማጥመጃ ይሁን። ጠዋትና ማታ ወይም ደመና ሲሆን ፖፐር የሚባለው፣ ውሃው ላይ ጉብ ጉብ እያለ የሚሄደው፣ ድንቅ ነው። አንድ ሁለቴ ጎተት፣ ከዚያ ቆም። የፈጠረው ክብ ሞገድ እስኪጠፋ መጠበቅ ነው። የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ በቆመበት ሰዓት ነው።

ብዙ አጥማጆች ብሉጊል በሙሉ ጨረቃ ሰሞን በብዛት ወደ ጎጆ ይወጣል ይላሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከጨረቃው ይልቅ ዓይኔን አምናለሁ፤ ብሉጊል በአንድ ሰመር ውስጥ ደጋግሞ ይራባልና ጨረቃ እስክትሞላ ቤት የሚቀመጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ቅድም ያቆየሁትን አሁን ልንገራችሁ። ኩሪታ ቢዋ ሐይቅ ላይ ያንን ዓሣ የያዘው በሕይወት ባለ ብሉጊል ነው። የሚገርመው ባስም ብሉጊልም ጃፓን ውስጥ መጤ ናቸው፤ ሁለቱም ከአሜሪካ ሄደው የአገሩን ዓሣ ስለሚያጠፉ መንግሥት ይቆጣጠራቸዋል። ባስ የጎረቤታችንን የኬንያን ናይቫሻ ሐይቅም አልማረም፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ ለመዝናኛ ዓሣ ማጥመድ ተብሎ ተለቆበት እስከ ዛሬ አለ። ሰው ይህን ዓሣ ሲወድ ድንበር አያውቅም፤ ጥፋቱንም እንዲሁ።

ስለ ጥልቁ ውሃ አጠር አድርጌ ልለፍ፤ ጀልባና የድምፅ ሞገድ መሣሪያ የሚፈልግ ስለሆነ ብዙዎቻችንን አይመለከትም። ጁን እየገፋ ሲሄድ ውሃው ይነባበራል። የላዩ ይሞቃል፣ የታቹ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል፣ በመካከል ሙቀቱ ድንገት የሚወርድበት ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ሁለቱ ስለማይቀላቀሉ ከሽፋኑ በታች ያለው ኦክስጅን ቀስ በቀስ ያልቃል። «ሲሞቅ ዓሣው ወደ ጥልቁ ይወርዳል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ልጓም ያስፈልገዋል፤ ይወርዳል፣ ግን አየር እስካለበት ድረስ ነው። ወደ ሐይቁ የገቡት ሹል መሬቶች ከዚያ ሽፋን በላይ ባላቸው ክፍል ላይ ካሮላይና ሪግ የሚባለውን ከባድ እርሳስ ያለው አስተሳሰር፣ ወይም ክራንክቤይት የሚባለውን በጥልቀት የሚጠልቅ ማጥመጃ መጎተት ነው። በክትሩ አካባቢ ደግሞ የሚገባው ውሃ እንቅስቃሴ ስለሚፈጥር ዓሣው ፊቱን ወደ ፍሰቱ አዙሮ ይቆማል፤ ማጥመጃውም ከፍሰቱ ጋር ወደሱ መምጣት አለበት።

ነፋስን አትጥሉት። ረጋ ያለ መስታወት የመሰለ ውሃ ለፎቶ ያምራል፤ ለማጥመድ ግን ለስለስ ያለ ነፋስ የሚገፋው ዳር ይሻላል። ሞገዱ ብርሃኑን ይሰባብራል፣ ትንንሾቹን ዓሦች ወደዚያ ዳር ያከማቻል፣ የጀልባችሁንም ድምፅ ይሸፍናል። ዝናብ ጥሎ ሰማዩ ጠርቶ፣ ቀዝቀዝ ባለ ማግሥት ደግሞ ዓሣው ከመጠለያው ጋር ይጣበቃል፤ ያን ቀን ያቺን በወገቧ የተሰካች ትል ይዞ ዶክ ለዶክ ከመዞር የተሻለ ነገር አላውቅም።

ከዕቃ ግዢ ጋር በተያያዘ የምለው አጭር ነው። የማጥመጃ ሱቅ ግድግዳ በመጀመሪያ የሚያጠምደው ገዢውን ነው። ለዛሬ ላወራሁት ሁሉ አንድ መካከለኛ ዘንግ፣ ጥቂት ጥቅል ትል፣ ሁለት ሦስት መንጠቆ ዓይነት፣ አንድ ፖፐርና አንድ ስፒነርቤይት ይበቃል። ጥርት ባለ ውሃ አረንጓዴና ቡናማ፣ በደፈረሰ ውሃ ጥቁርና ሰማያዊ። ከገንዘባችሁ የተረፈውን ለመነጽሩና ለሕይወት ማዳኛ ጃኬት አውሉት። ጀልባ ላይ ጃኬቱን መቀመጫ አድርጎ የሚውል ዘመድ ሁላችንም አለን፤ እባካችሁ አስለብሱት።

«ይበላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እንደሚመጣ ስለማውቅ ቀድሜ ልመልስ። ይበላል። ሥጋው ነጭና ጠንካራ ነው። ነገር ግን ትልቅ ባስ ብዙ ዓመት ሌሎች ዓሦችን ሲበላ የኖረ ስለሆነ በሰውነቱ ሜርኩሪ ያጠራቅማል። የቨርጂኒያ ጤና መምሪያ ለየውሃው የሚያወጣው የአመጋገብ ማሳሰቢያ አለ፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ሳያይ እንዳያበስል። ለድስት ክራፒ የሚባለው ዓሣና ብሉጊል ይሻላሉ፤ ለማውጣትም ልጆች ይበቁላቸዋል። ትልቋን ባስ ግን ልቀቋት። መልቀቅ የአሜሪካ አጥማጅ ባህል የሆነው ብዙም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ ነው፤ የባስ ውድድርን ያደራጀው ሬይ ስኮት የመጀመሪያውን ትልቅ ውድድር ያዘጋጀው በጁን 1967 አርካንሳስ ውስጥ ቢቨር ሌክ ላይ ነበር፣ ዓሣውን በሕይወት መልሱ የሚለውን ዘመቻ የጀመረው ግን በ1972 ነው።

አለቃቀቁም ወግ አለው። ሙቅ ውሃ ኦክስጅን በትንሹ ነው የሚይዘው፤ በጁን የተያዘ ዓሣ በኤፕሪል ከተያዘው ይልቅ ቶሎ ይደክማል። እጃችሁን አርጥባችሁ ያዙት፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቀውን ልስላሴ ይገፈዋል። ትልቅ ከሆነ በመንጋጋው ብቻ አታንጠልጥሉት፣ ሆዱን በሌላው እጅ ደግፉት። ፎቶው የሚነሣው ስልኩ ተዘጋጅቶ ዓሣው ከውሃ ሲወጣ ነው እንጂ ዓሣው ወጥቶ ስልክ ሲፈለግ አይደለም። መንጠቆውን ጠልቆ ከዋጠው ከመጎርጎር ክሩን ቆርጦ መልቀቅ ይሻላል።

የቀረው የደንቡ ነገር ነው። ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከግዛቱ የዱር እንስሳት ሀብት መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት በደቂቃዎች ይገኛል። በቀን ስንት ዓሣ መያዝ እንደሚፈቀድ የዚያኑ ዓመት ደንብ እዩ እንጂ የጎረቤትን ቃል አትመኑ። ሌክ አና ላይ ደግሞ ከ2018 ወዲህ ሙቀቱ ሲበረታ በላይኛዎቹ ቅርንጫፎች ጎጂ አልጌ እየታየ የጤና መምሪያው ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ቆይቷል። ውሃው የአረንጓዴ ቀለም መልክ ከያዘ ልጆችንና ውሻን አታስገቡ፤ ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት የመምሪያውን ካርታ አይታችሁ ወደ ታችኛው ሐይቅ ውረዱ።

ገና ያልሞከራችሁ ደግሞ በጁን የመጀመሪያው ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ በቨርጂኒያ ያለ ፈቃድ ማጥመድ ይቻላል፤ ከተለዩ የትራውት ውሃዎች በስተቀር። ቀኑም የብሉጊል ሠፈር በደራበት ሰሞን ነው የሚውለው። ጀልባ የሌላችሁ ሐይቁ ዳር ካለው የስቴት ፓርክ መጀመር ትችላላችሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፣ ትሉን በመንጠቆ ላይ እንዴት እንደምሰካ ማየት የምትፈልጉም ወደ ፊት ጠጋ በሉ።